አትክልትን በቤት አድርቆ ለረዥም ጊዜ ስለ ማቆየት

ለመቱና ለኢሉባቦር ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ እንዲሁም በጎረቤት ቡኖ በደሌ በሚገኙት ከተሞች የሚነግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጓሮው ሁሉ አትክልት ያወጣል። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ዱባ ወደ ገበያ በብዛት ይመጣል፤ ገዢ ያጣው ጠውልጎ ይጣላል። ወራት አልፈው ጭቃው መንገዱን ሲይዝ ደግሞ፣ ከሩቅ በመኪና የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም እየዘገየና እየበሰበሰ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በክረምት ለዚህ ለመሰለ ጭነት አይመችም። የተረፈውን በጊዜው አድርቆ ማቆየት ለባለቤቱም ለነጋዴውም ይበጃል የምንለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ማድረቅ ማለት ዕቃውን በፀሐይ ላይ መዘርጋት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው አለ። በደረቅ አገር ይህ ሐሳብ ብዙ አይጎዳም። በኢሉባቦር ግን ይጎዳል፤ በዚህ አገር የደረቀ ዕቃ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ተመልሶ ይረጥባልና። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በእኛ አገር ማድረቅ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ መክደን ነው። ይህን የዘነጋ ባለሱቅ ገንዘቡን ውኃ ገዝቶበት ሻጋታ ይሸጥበታል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ አየር

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፣ መቱ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጎሬ ከተማ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ በዓመት የሚወርድባት ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ የሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ከዝናቡ መጠን ይልቅ ለእኛ ነገር የሚከብደው ግን የዝናቡ ርዝመት ነው። በሰሜኑ አገር ክረምቱ ሦስት ወር ያህል ሲሆን፣ በኢሉባቦር ከመጋቢት ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ለምልሞ የሚኖረው በዚህ ዝናብ ነው። ቡናን የሚያለመልመው ርጥበት ግን በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ያለውን በርበሬም ያሻግታል።

ስለዚህ ለማድረቅ የሚሆነው እውነተኛ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን ማታ ጤዛ ይወርዳል፤ ጧት ጭጋግ ይቆያል። ቀን የደረቀው ስጥ ሌሊት ውጭ ካደረ ቀኑን ሙሉ የተለፋበትን መልሶ ይጠጣል። ስጥ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ተነሥቶ ወደ ቤት መግባት ያለበት ስለዚህ ነው።

አየር ውኃን ከዕቃው የሚወስደው ሙቀቱ ከፍ ሲል ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የአየሩ ርጥበት 80 በመቶ ቢሆን፣ ያንኑ አየር እስከ 30 ዲግሪ ብናሞቀው ርጥበቱ ወደ 44 በመቶ ይወርዳል፤ እስከ 40 ዲግሪ ብናሞቀው ደግሞ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። በአየሩ ውስጥ ያለው ውኃ አልቀነሰም፤ ሞቃት አየር ብዙ ውኃ መሸከም ስለሚችል ግን ከዕቃው ለመውሰድ ይዘጋጃል። ስለዚህ የሚያደርቅ ሁሉ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አየሩ መሞቅ አለበት፤ የሞቀውና ውኃ የጠገበውም አየር ወጥቶ ሌላ መግባት አለበት። ሙቀት ብቻ ኖሮ ንፋስ ከሌለ አትክልቱ ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም።

2ኛ፤ ስለ ልማዳችን

ማድረቅ ለኢትዮጵያ ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። በርበሬ ይሰጣል፤ የሽሮ እህል ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይሰናዳል፤ በሶብላ ይደርቃል፤ ከሥጋ ቋንጣ፣ ከእንጀራ ድርቆሽ ይወጣል። በምዕራቡ አገር ደግሞ ኮረሪማና ጥምዝ ሳይደርቁ ወደ ገበያ አይሄዱም። በጎረቤታችን በሱዳን ባምያ ደርቆና ተፈጭቶ ዌካ በሚል ስም ከቤት አልፎ የገበያ ዕቃ ሆኗል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎችም ድንችን በሌሊት ውርጭ እያስመቱ፣ በእግር እየረገጡና በቀን ፀሐይ እያደረቁ ለዓመታት የሚቀመጥ ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጃሉ። ሕዝብ ሁሉ አየሩ የሰጠውን መሣሪያ ይጠቀማል። የኢሉባቦር ቤት መሣሪያ ደግሞ የምድጃ እሳትና ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ነው፤ በቆሎው ከነዛላው፣ የዘር በርበሬው በገመድ ታስሮ በጭሱ ላይ ይሰቀላል። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል፣ ሙቀቱም ክረምቱን ሁሉ ርጥበቱን ይገፋል።

የዚህ አውራጃ ነጋዴ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማድረቅን የተማረው ከቡና ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ እየወረደ በመርከብ ወደ ካርቱም ይላክ ነበር። ባሮ መርከብ የሚሸከመው ግን ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተለቀመ ቡና እንግዲህ መርከቡን ለብዙ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ጀንፈሉ ውስጡ ድረስ ያልደረቀለት ነጋዴ መርከቡ ሲደርስ የሚጭነው ሽታው የተለወጠ ዕቃ ነበር። የመርከቡ ንግድ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። አትክልትም ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ የሚጠብቅ ዕቃ ከሆነ እንደዚያ ቡና መጠንቀቅ ይገባዋል።

3ኛ፤ ውኃ በአትክልት ውስጥ ምን ያህል ነው

ከ100 ኪሎ ጥቅል ጎመን 92 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ከቲማቲም 94፣ ከቀይ ሽንኩርት 89፣ ከካሮት 88፣ ከድንችና ከእርጥብ ዝንጅብል 79 ያህል ውኃ ነው። አትክልት በሻጋታና በባክቴሪያ የሚበላሸው በዚህ ውኃ ምክንያት ነው፤ ሻጋታ እንደ ማናቸውም ሕይወት ያለው ነገር ውኃ ካላገኘ አያድግም። ውኃው ወርዶ 6 ወይም 7 በመቶ ብቻ ሲቀር፣ አትክልቱ በደንብ ከተከደነ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል። ዝንጅብልና ዛላ በርበሬ እስከ 11 ወይም 12 በመቶ ቢደርሱ ይበቃቸዋል።

ከማድረቅ በኋላ የሚቀረውን ክብደት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በማድረቅ የሚጠፋው ውኃው እንጂ ደረቅ አካሉ አይደለምና። 10 ኪሎ የታጠበና የተከተፈ ካሮት ቢኖር፣ ውኃው 8.8 ኪሎ፣ ደረቅ አካሉ 1.2 ኪሎ ነው። ይህ ደረቅ አካል ከደረቀው ዕቃ 94 በመቶ እንዲሆን ብንፈልግ፣ 1.2 ለ0.94 ሲካፈል ወደ 1.28 ኪሎ ይሰጣል። በዚሁ አኳኋን ከ10 ኪሎ ጥቅል ጎመን 850 ግራም፣ ከ10 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት 1.17 ኪሎ ያህል ይገኛል። የሚላጠውና የሚጣለው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። እንግዲህ ከ10 ኪሎ ካሮት 1.6 ኪሎ ደረቅ አገኘሁ የሚል አቅራቢ ቢመጣ፣ ዕቃው ገና ሩቡ ውኃ ነውና መመለስ ይገባል።

4ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ሀ፤ መምረጥና ማጠብ። የሚደርቀው ትኩስ፣ ያልጠወለገና ያልተመታ አትክልት መሆን አለበት። የሚበሰብሰውን ለማትረፍ ተብሎ የሚደርቅ ዕቃ ሽታውንም ሻጋታውንም ይዞ ይደርቃል። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ውኃው ይንጠፍጠፍ።

ለ፤ መክተፍ። ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ይልቁንም እኩል ይሁን። ወፍራሙና ቀጭኑ ከተደባለቀ ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ በዕቃ ውስጥ ሻጋታን የሚጀምረውም ያ አንድ ወፍራም ቁራጭ ነው። የጎመን ዋና አገዳ ይወጣ፤ ቅጠሉ ብቻ ይከተፍ። ዝንጅብል ቅርፊቱ ከተፋቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቶሎ ይደርቃል፤ ከነሙሉ አካሉ ቢሰጣ ግን ውጪው እንጨት ሆኖ ውስጡ ለሳምንታት ይረጥባል።

ሐ፤ በፈላ ውኃ ዘፈቅ አድርጎ ማውጣት። ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ፎሶሊያና ዱባ ከመሰጣታቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ በፈላ ውኃ ውስጥ ገብተው መውጣት አለባቸው። ይህ ካልተደረገ በውስጣቸው ያለው የተፈጥሮ ቅመም ደርቀውም ሥራውን ስለማያቆም፣ ቀለማቸው ይጠወልጋል፣ ጣዕማቸው ገለባ ይሆናል። ጎመን 2 ደቂቃ፣ የተከተፈ ካሮትና ፎሶሊያ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ድንች 5 ደቂቃ ይበቃቸዋል። በከፍታ ምክንያት ውኃ በመቱ ወደ 95፣ በጎሬ ወደ 93 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ በእኛ አገር ለሁሉም 1 ደቂቃ መጨመር ይሻላል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዝቅዝና ይንጠፍጠፍ። በወንፊት ላይ አድርጎ በእንፋሎት መሥራት ቢቻል ቪታሚኑ በውኃው እንዳይሄድ ይረዳል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ዝንጅብል ግን ይህ አያስፈልጋቸውም።

መ፤ ማስጣት። ስጥ በመሬት ላይ አይዘርጋ። ከመሬት ርጥበትም፣ አፈርም፣ የዶሮና የከብት እርግጫም ይመጣል። ለታጠበ ቡና የምንሠራው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አልጋ ለአትክልትም ይሆናል፤ ወለሉ ንጹሕ ሽቦ ወንፊት ወይም የተጠለፈ መረብ ቢሆን አየር ከታችም ከላይም ያልፋል። ላዩ ስስ ጨርቅ ይልበስ፤ ዝንብና አቧራ ይከለክላል። ቅጠላ ቅጠል በጥላና በንፋስ ቢደርቅ ይመረጣል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አረንጓዴውን ቀለምና ቪታሚን ኤ የሚሆነውን ነገር ያጠፋልና። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ የማይበልጥ ይዘርጋ፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይገላበጥ።

ሠ፤ የፀሐይ ሣጥን። ጭጋግ ለሚበዛበት ለእኛ አገር ከክፍት አልጋ ይልቅ የሚመረጠው ይህ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን በእግር ላይ ይቆማል፤ ውስጡ ጥቁር ይቀባል፤ ክዳኑ ወደ ፀሐይ ያዘነበለ ጥርት ያለ ላስቲክ ወይም መስተዋት ይሆናል። ከፊት በታች አየር የሚገባበት፣ ከኋላ በላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተከፍቶ በወንፊት ይሸፈናል። በመካከል አትክልቱ የሚዘረጋበት መረብ ይወጠራል። የሚፈለገው ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ቀን፣ ላዩ ቶሎ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሆንና የውስጡን ውኃ አፍኖ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሙቀቱ ሲበዛ የላይኛው ቀዳዳ ይስፋ። ይህ ሣጥን በአንድ ጊዜ 8 ኪሎ ያህል ትኩስ አትክልት ይይዛል።

ረ፤ ምድጃ። ፀሐይ በድንገት ቢጠፋ በስጥ ላይ ያለው ዕቃ ሳይሻግት በፊት ሙቀት ማግኘት አለበት። ቆጥ ለበርበሬና ለበቆሎ ይሆናል፤ ጎመንና ካሮት ግን ጭስ ጭስ እያለ ገዢ ያጣል። እነዚህን ከጭሱ መንገድ ራቅ አድርጎ፣ ፍሙ ብቻ ሲቀር በሚሞቀው ክፍል በወንፊት ላይ ማሳደር ይሻላል።

5ኛ፤ መድረቁን ስለ መፈተን

የዐይን ምስክርነት አይበቃም፤ ላዩ የደረቀ ሁሉ ደርቋል ማለት አይደለምና። አስቀድሞ ዕቃው ከፀሐይ ተነሥቶ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ እያለ ደረቁም ለስላሳ ይመስላልና። ከዚያ በኋላ የጎመን ቅጠል በመዳፍ ሲታሽ መድቀቅ አለበት፤ ካሮትና ሽንኩርት ሲታጠፉ ቀጭ ብለው መሰበር አለባቸው፤ ዝንጅብል ሲሰበር ውስጡ አንድ ዓይነት ደረቅ ሆኖ መታየት አለበት። ዛላ በርበሬ ሲነቀነቅ ፍሬው መንኳኳት፣ ጭራው ሲታጠፍም መሰበር ይገባዋል። ቲማቲም እንደ ቆዳ ሆኖ ስለሚቀር ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ እንደሚቆይ ይታወቅ።

ሁለተኛው ፈተና ሚዛን ነው። ዕቃው ዛሬ ተመዝኖ፣ ነገ በፀሐይ ውሎ ማታ ሲመዘን ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ሦስተኛው ፈተና ጨው ነው። ደረቅ የገበታ ጨው ከዕቃው ጋር በንጹሕ ጠርሙስ ገብቶ ይከደንና ይነቅነቅ፤ ጥቂት ቆይቶ ጨው ቢጓጉልና በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ቢጣበቅ ዕቃው ገና እርጥብ ነው። ነገር ግን ጨው ካልተጣበቀ ፈጽሞ ደርቋል ማለት አይደለም። ጨው የሚረጥበው በዙሪያው ያለው የአየር ርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ሻጋታ ግን ከዚያ በታች ወደ 70 በመቶ ሲሆንም ቀስ ብሎ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ጨው እርጥቡን ያጋልጣል እንጂ ለደረቁ ዋስ አይሆንም።

እነዚህን ያለፈ ዕቃ ወዲያው ለሽያጭ አይታሸግ። በጠርሙስ ወይም በሚያሳይ ላስቲክ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተሞልቶ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀመጥና በየቀኑ ይነቅነቅ። ከደረቁ ቁራጮች መካከል ትንሽ እርጥብ የቀረ ቢኖር ርጥበቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። በክዳኑ ውስጥ ጤዛ ከታየ ግን ሁሉም ወደ ስጥ ይመለስ።

6ኛ፤ ስለ አቀማመጥ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ተፈጽሞ ዕቃው በጆንያ ቢቀመጥ ድካሙ ከንቱ ነው። ጆንያ ይተነፍሳል፤ በሐምሌ ሌሊት የመቱ አየር በውኃ የጠገበ ስለሆነ፣ በጆንያ ያለ በርበሬ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ለስላሳ የሆነው ዛላ እንደ ገና እርጥበት ስቦ እንጂ ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም። ስለዚህ ማስቀመጫው አየር የማያስገባ ይሁን፤ ክዳኑ ጎማ ያለው ጠርሙስ፣ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ጀሪካን፣ ወይም ሁለት ድርብ ወፍራም ላስቲክ ውጪው ጆንያ ለብሶ። ላስቲኩ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ አፉ ተጠምዝዞ ይታሰር።

ማሸጊያው ትንንሽ ይሁን። 20 ኪሎ የያዘ አንድ ከረጢት በየቀኑ ሲከፈት በየቀኑ ርጥብ አየር ይገባበታል፤ በ250 ግራም የታሸገ ግን አንዱ ሲከፈት ሌላው አይነካም። በሱቁ ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከብርሃን ተሰውሮ ይቀመጥ። ከጋዝና ከሳሙና ጋር አይቀመጥ፤ ደረቅ ነገር ሽታን እንደ ውኃ ይስባል። የደረቀበት ወርና ዓመት፣ የዕቃው ስምና ንጹሕ ክብደቱ በየማሸጊያው ላይ ይጻፍ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ።

7ኛ፤ ውኃ ስለ መግዛት

ነጋዴው በዚህ ትምህርት የሚያተርፈው ከሁሉ በፊት በሚዛኑ ላይ ነው። 100 ኪሎ በርበሬ ርጥበቱ 20 በመቶ እያለ ቢገዛ፣ ደረቅ አካሉ 80 ኪሎ ነው። ይህ በርበሬ እስከ 11 በመቶ ሲደርቅ ወደ 90 ኪሎ ይወርዳል። እንግዲህ ገዢው በየመቶው ኪሎ 10 ኪሎ ውኃ በበርበሬ ዋጋ ገዝቷል። በቡናም እንዲሁ ነው፤ አንድ ፈረሱላ፣ ይኸውም 17 ኪሎ የሆነ ጀንፈል ርጥበቱ 18 በመቶ ሆኖ ቢገዛ፣ እስከ 12 በመቶ ሲደርቅ 15.84 ኪሎ ብቻ ይቀራል። በየፈረሱላው 1 ኪሎ ከ160 ግራም ጠፋ ማለት ነው፤ በ100 ፈረሱላ ሲታሰብ 116 ኪሎ ይሆናል።

ይህን የሚያውቅ ገዢ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዋጋውን በርጥበቱ መጠን መቀነስ ነው። ሁለተኛውና የተሻለው፣ ደረቅ ላመጣ ዋጋ ጨምሮ መክፈል ነው። ደረቁም እርጥቡም በአንድ ዋጋ የሚገዛ ከሆነ፣ አድራቂው ተጨማሪ ሦስት ቀን የሚለፋበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም በርበሬው ላይ ውኃ አርከፍክፎ የሚሸጠውን የሚያለማምደው ገዢው ራሱ ይሆናል።

8ኛ፤ ስለ ሻጋታ አደጋ

በክብደት የሚደርሰው ጉዳት የኪስ ጉዳት ነው። ከዚህ የሚብሰው የጤና ጉዳት ነው። በደንብ ባልደረቀ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረዥም ጊዜ ሲበላም የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። በማብሰል አይጠፋም፤ ሻጋታው ተጠርጎ ቢጣልም መርዙ በዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ሲፈጭ ደግሞ የተበላሸው ዛላ ከደኅናው ጋር ተደባልቆ ከዐይን ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከተመረመሩት የሽሮና የበርበሬ ዱቄት ናሙናዎች ከፊሎቹ ይህ መርዝ ተገኝቶባቸዋል።

የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬና በዝንጅብል ውስጥ የሚፈቅደው የዚህ መርዝ ጠቅላላ መጠን በአንድ ኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ቢሊዮን እጅ 10 እጅ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ጭነት ወደ ገበያው አይገባም። ላኪው ድንበር ላይ የሚመለስበትን ዕቃ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በወደቡ ያለው ሥራ አይደለም፤ በአንድ ሩቅ ከተማ በአንድ ሌሊት ውጭ ያደረ ስጥ ነው። ስለዚህ የሻገተ ዛላ ያየ ባለሱቅ ለቅሞ ያውጣው፤ ያወጣውን ደግሞ በርካሽ አይሽጠው፣ ለከብትም ለዶሮም አይስጠው፤ ያቃጥለው። በርበሬ ከመፈጨቱ በፊት ዛላ በዛላ መታየት ያለበት ለዚሁ ነው።

9ኛ፤ ስለ ገበያው

የደረቀ ጎመንና ካሮት በአገራችን እንደ በርበሬ የለመደ ገዢ ገና የለውምና፣ ባለሱቁ በጥቂቱ ቢጀምር ይመከራል። ቢሆንም ዘመኑን ጠብቆ የሚመጣ ፈላጊ አለ። ዐቢይ ጾም የሚገባው የማድረቂያው ወራት ባለቀበት ሰሞን ነው፤ ለ55 ቀን የጾም ወጥ የሚፈልግ ቤት ሁሉ ገዢ ነው። የፍልሰታ ጾም ደግሞ የሚውለው በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ጊዜ ነው። ለእስላም ደንበኞችም በረመዳን ማታ ለሚሠራው ሾርባ የደረቀ ካሮት፣ ሽንኩርትና ቅጠል ቶሎ ይደርሳል። ማኅበራዊ ምግብ ቤቶች፣ የተማሪ ማደሪያዎችና ወደ ጫካ ቡና ለቀማ የሚወጡ ሰዎችም ቀላል ስንቅ ይፈልጋሉ። ገዢው አሠራሩን እንዲያውቅ ይነገረው፤ አንድ ስኒ የደረቀ ካሮት በሁለት ወይም በሦስት ስኒ ውኃ ተነክሮ፣ ሲያብጥ በዚያው ውኃ ይቀቀላል፤ ቅጠል ግን ሳይነከር ወደ ወጡ ይገባል።

አንድ የፀሐይ ሣጥን ከ8 ኪሎ ጎመን የሚሰጠው ደረቅ ዕቃ ወደ 1 ኪሎም አይሞላም። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአንድ ነጋዴ ብቻውን አይሆንም፤ ለብዙ ቤቶች የጓሮ ሥራ፣ ለነጋዴው ደግሞ የመሰብሰብ፣ የመፈተንና የማሸግ ሥራ ነው። ከብዙ ቤት የሚሰበሰብ ዕቃ ጥራቱ የሚጠበቀው ገዢው ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ሲያደርግ ነው። የአንዲት ባልቴት ግማሽ ኪሎ እርጥብ ጎመን ከሌሎች ዐሥር ቤቶች ደረቅ ዕቃ ጋር ከተደባለቀ የዐሥሩንም ድካም ያጠፋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤት ዕቃ ሳይደባለቅ ለብቻው ተፈትኖ ለብቻው 10 ቀን ይቆይ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን በ5 ቃል ለማስታወስ ያህል፣ አባሎቻችን የሚከተለውን በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ መልካም ነው እንላለን።

1. ከኅዳር እስከ የካቲት አድርቅ፤ ስጥህን ከፀሐይ መግቢያ በፊት አንሣ።
2. እኩል ክተፍ፤ የሚዘፈቀውን ዝፈቅ፤ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስጣ።
3. ሰብረህ፣ መዝነህና 10 ቀን ጠብቀህ ፈትን።
4. በትንንሽ ማሸጊያ ከድነህ ወር ጻፍበት።
5. ለደረቀው ጨምረህ ክፈል፤ የሻገተውን አቃጥል።

የኢሉባቦር ምድር አትክልትን ሲያበቅል አይሰስትም፤ የምድሪቱ አየር ግን ያልከደነውን ሰው አይምርም። በመጪው ኅዳር ሰማዩ ሲጠራ፣ ከባለሱቆቻችን ጥቂቶች እንኳ በየሰፈራቸው ካሉት ባለሙያ እናቶች ጋር ተስማምተው አንድ አንድ ሣጥን ቢያቆሙ፣ በነሐሴ መደርደሪያቸው ባዶ እንዳይሆን፣ የገዢውም ጤና እንዳይጎዳ ያደርጋሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።